ጉዳዩ፦ የተቋረጠ ድጋፍ

ለተማሪዎች ድጋፍ ኮሚቴ፣
ደሴ።

ደምሌ እንድሪስ እባላለሁ፤ ትውልዴ ቢስቲማ፣ ትምህርቴ ኮምቦልቻ፣
ድልድይ መሥራት እማራለሁ፤ የቀረኝ ሁለት ዓመት ብቻ።

"አላጨስኩም" ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤
ጃኬቱ የሰው ነው፣ ኪሱን አላየሁም፣ የመሳሰለ ነገር።
ራፖር ጸሐፊውም መክሮኛል፣ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣
በሃምሳ ብር ሒሳብ ንጹሕ አድርጎኝ ሊጽፍ።
ሃምሳው ስላልነበረኝ ይሁን፣ ወይ ነገሩን ስላልወደድኩ፣
ይኸው በገዛ እጄ፣ እንደሆነው ጻፍኩ።

ጥር ሃያ ሁለት ማታ ነው፤ ፈተና የጨረስን ዕለት፣
ቦርከና ዳር፣ ድንጋይ ላይ፣ እኔና ሌሎች ሁለት።
አንዲት ጥቅል ቅጠል ዞራ እኔ ጋ ስትደርስ በተራ፣
ሁለቴ ሳብኩ፤ በሦስተኛው የፖሊስ ባትሪ በራ።
ሁለቱ ወንዙን ዘለው ከጨለማው ተቀላቀሉ፤
እኔ ቆምኩ። እኛ ቤት ይቆማል፣ "ቁም" ካሉ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፤
"የመጀመሪያህ ነው?" አሉ፤ "አዎ" ስል አመኑኝ።
ስድስት መቶ ብር ቅጣት፣ አንድ ምክር፣ አንድ ፊርማ፤
"በል ሂድ፣ ተማር" ሲሉኝ ችሎቱ ሁሉ ሰማ።
እናቴ ስድስት መቶውን ከዕቁብ ተበድራ ከፈለች፣
ያለቀ መስሏት፣ ከደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አመሰገነች።

እናንተ ግን ደብዳቤ ጻፋችሁ።
ሦስት መስመር ናት፤ ማኅተሟ ክብ።
"በአደንዛዥ ዕፅ ጥፋተኛ ሆነው ስለተገኙ
ከዚህ ወር ጀምሮ ድጋፉ የተቋረጠ መሆኑን
እንገልጻለን።"
ትገልጻላችሁ!
ዳኛዋ የዘጉትን መዝገብ እናንተ ከየት ገለጣችሁ?

በወር አንድ ሺህ ሁለት መቶ፤ እናንተ ጋ አንድ ረድፍ ናት።
እኔ ጋ ግን የአልጋ ኪራይ ናት፣
በርበሬ ወንዝ፣ ከልብስ ሰፊ ጋር ደባል፤
የፎቶ ኮፒ ናት፤ ከሷም ሁለት መቶው ይላካል
ለእኅቴ ለሉባባ። ዘጠነኛ ክፍል ነበረች።
አሁን ወፍጮ ቤት ውላ ዱቄት ትጠርጋለች።
"ለጊዜው ነው" አለችኝ ለፋሲካ ስሄድ፤
በአሥራ አምስት ዓመቷ ሸብቶ ቅንድቧ፣ በዱቄት ብናኝ ጉድ።

ሒሳብ የምማረው ነገር ነውና አሰላሁት፦
የቀረኝ ሃያ ወር ነው። ዳኛዋ ስድስት መቶ ያሉትን
እናንተ ሃያ አራት ሺህ አደረጋችሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቃለ ጉባኤውን ልጠይቅ መጥቼ
በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ አየሁ፣ ሳላንኳኳ ቆሜ ሰንብቼ፤
ምንጣፉ ላይ ቅጠል ተበትኗል፣ የሰብሳቢው ጉንጭ ተወጥሯል፣
የኔ ስም ይሁን የሌላ፣ ስለ ሥነ ምግባር ይወራል።
ክስ አይደለም፤ ጫት በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ግብር ይከፈልበታል፤
አባቴም ሐሙስ ሐሙስ ይቅማል፣ ዱዓ ያደርግበታል።
ቅጠልን ከቅጠል የሚለየው ሕግ ከሆነ ግን፣
ሕጉ የኔን ጉዳይ ጨርሷል፤
ደረሰኙ ቀዩ ነው፤ ተያይዟል።

ሁለቱ ልጆች? ስማቸውን ጠይቃችሁኝ ነበር።
ድጋፋቸውን በየወሩ ይቀበላሉ፤ አልናገርም፣ ይቀበር።
አንደኛው ምሳውን ያካፍለኛል፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፤
ሁለተኛው መንገድ ይቀይራል ሲያገኘኝ።

ስለዚህ ድጋፌ እንዲቀጥል በትሕትና እጠይቃለሁ።
"በትሕትና" የሚለውን ጸሐፊው ነው ያስተማረኝ፤
ለሱ ብቻ አላስከፈለኝም።

ከሰላምታ ጋር፣
ደምሌ።

ግልባጭ፦
ለሉባባ እንድሪስ፣
ወፍጮ ቤት፣
ቢስቲማ።